ፍል ውሃና የደከመ መንጋጋ

አንባቢ ሆይ፤ ለፈተና ሲያጠኑ ወይም በመዝገብ ክምር ላይ አጎንብሰው ሲውሉ ጥርስዎን ነክሰው ይሆናል። ማታ ጆሮዎ ሥር ይጠዘጥዝዎታል፤ «ጥርሴ ነው» ብለው ለማስነቀል ያስባሉ። ቸኩለው ደህናውን ጥርስ ከማጣትዎ በፊት ሐኪም ያሳዩ፤ ሕመሙ የመንጋጋው መጋጠሚያና የጡንቻው ሊሆን ይችላልና።

ጥርሱ ደህና ከሆነ፣ አንድ ቅዳሜ ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ብዙም ወደማይርቀው ፍል ውሃ ይውረዱ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን የቆረቆሩት በዚሁ ምንጭ አጠገብ ነው። ሙቀቱ አንገትዎንና ትከሻዎን ሲያላላው፣ የተነከሰው ጥርስም ሳይታወቅዎ ይላቀቃል።

ያን ጊዜ በሁለት ጣት ጉንጭዎን ይዳስሱ። ጥርስዎን ነከስ ሲያደርጉ ጎላ ብሎ የሚነሣው እርሱ ጡንቻው ነው። መንጋጋዎን ለቀቅ አድርገው፣ አጥብቀው ሳይጫኑ፣ በየጎኑ አንድ ደቂቃ ያህል እያዞሩ ይሹት። አፍዎ አልከፈት ካለ፣ ፊትዎ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለብዎ ግን መታሸቱን ትተው ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ማንም «ጎትቼ ላስተካክልልዎ» ቢል እሺ አይበሉ።

ሰኞ ወደ ሥራዎ ሲመለሱ ፍል ውሃው አይከተልዎትም። ይህን ግን ይዘው ይሂዱ፤ ከንፈር ገጥሞ፣ ጥርስ ተራርቆ መዋል።