የቮልሷ ደብተር

በመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ፣ ከመዝገበ ቃላቱና ከቴአትር ድርሰቶቹ መካከል፣ ጠርዙ በሞተር ዘይት የተበከለ አንድ የተማሪ ደብተር አለ። ከመስከረም 1996 እስከ ሰኔ 1998 ዓ.ም. ድረስ ለአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ያወጣሁት ገንዘብ በየዕለቱ ተመዝግቦበታል። ጽፌ የቀደድሁት ነገር ብዙ ነው፤ ይህን ደብተር ግን ለመቅደድ እጄ አልታዘዘልኝም። ምክንያቱን እነሆ ለአንባብያን አወጋለሁ።

ቮልስን የማይወድ የአዲስ አበባ ሰው ማግኘት ያዳግታል። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛዋ ከፊት ሆኖ፣ ራዲያተር ሳያሻት በነፋስ ብቻ የምትቀዘቅዝ፣ መምህሩም ሐኪሙም የነዳት መኪና ናት። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ የመጨረሻዋ በሜክሲኮ አገር፣ በፑዌብላ ከተማ፣ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ከፋብሪካ ወጣች። እኔ የራሴን የገዛሁት ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው። የእኔዋ ግን እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች፣ የራሴው እኩያ ነበረች። ባለቤቴ ለኩሽናው ጣሪያ ማደሻ ያጠራቀመችው ገንዘብ ተጨምሮበት ዋጋዋ ተከፈለ። ሻጩ ከአገር ለመውጣት የቸኮለ ሰው ነበር፤ ቢያንስ እንዲህ ብሎኛል። ሰማያዊው ቀለሟ ያበራል። ሊብሬዋን አገላብጬ አየሁ፤ ጎማዋን በእግሬ መታሁ። ስለ መኪና የማያውቅ ሰው ሁሉ ጎማ ይመታል።

ጋራዥ የገባችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሽማግሌው መካኒክ ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት አውጥተው በፓራፋንጎዋ ላይ አስጠጉት፤ አልያዘም፤ ወደቀ። «መምህር፣ ይህ ብረት አይደለም፤ ስቱኮ ነው። እርስዎ የገዙት ቀለም ነው» አሉኝ። ቀጥለውም የኋላውን መቀመጫ አነሡ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው በዚያ ሥር ነው፤ ለዓመታት የፈሰሰው አሲድ ወለሉን በልቶት፣ በቀዳዳው በኩል የጋራዡ አፈር ይታያል። ጥፋቱን በሠሪዎቿ ላይ አልጥልም። አርባ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች መኪና ናት፤ ያስታመሟትም ያቆሰሏትም ባለቤቶቿ ናቸው፤ ከእነዚያም መካከል አንዱ እኔ ነኝ።

ከሽማግሌው ብዙ ተማርሁ። ጥቁር ጭስ ስለምታጨስ ሞተሯ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን «ታፍናለች እንጂ አልታመመችም» አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የአየሯ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተለካ ካርቡራተር እዚህ ሲሠራ ቤንዚኑ ያንኑ ያህል ይፈሳል፤ አየሩ ግን ያንሰዋል። በሚገባ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጥቀርሻ ሆኖ ካንዴላውን ይሸፍናል፤ ሞተሩ ይንተባተባል፤ ኪስም ይራቆታል። ቤንዚኑን የሚመጥነውን ጂግለር በጠባብ ለውጠው፣ የፑንቲናውን ክፍተት አስተካክለው ሲያስነሡት ድምፁ ጠራ። በዚያን ዕለት የተሰማኝ ደስታ አንድ ድርሰት ጽፌ ከፈጸምሁበት ቀን ደስታ የሚያንስ አልነበረም።

ደስታው የዘለቀው ግን እስከ ማግስቱ ጠዋት ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩት ቮልሶች ኤሌክትሪካቸው ስድስት ቮልት ስለ ነበረ፣ ቤታችን ባለበት በፈረንሳይ ለጋሲዮን የጠዋት ብርድ ሞተሪኖው አንዴ አጉረምርሞ ዝም ይላል። ስለዚህ ማታ ማታ መኪናዬን የማቆምበትን ስፍራ የምመርጠው በቁልቁለቱ ሆነ። የሰፈሩ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ገፍተው ያስነሡልኛል። ሳልጠራቸው ደጃፌ ቆመው ሲጠብቁኝ ማየት ያሳፍረኝም ያኮራኝም ነበር።

ቅዳሜዎቼ በጋራዥ አለቁ። የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጬ አርሜአለሁ። ጆሮዬ ግን ከወረቀቱ ይልቅ ወደ ሠራተኞቹ ቋንቋ ያዘነብል ነበር፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ፣ ኮፋኖ። ጀርመን የወለዳት መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ስትታመም የምታቃስተው በጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ በዚያ ቋንቋ ሻማም ማለት እንደ ሆነ ለሽማግሌው ብነግራቸው፣ ሳቅ ብለው «እንግዲያማ የጨለመብን እርሱ ስለ ጠፋ ነዋ!» አሉኝ።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ከሶማሌ ተራ የተገዛ አሮጌ ዲናሞ፤ የተቃጠለ ቫልቭ፤ ቦሎ፤ ጎሚስታ፤ ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚገኘው ደግሞ እርሷ ጋራዥ በዋለችበት ቀን የከፈልሁት የታክሲ ሒሳብ ነው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የጥገናው ድምር የግዢዋን ዋጋ አለፈ። የኩሽናው ጣሪያ በሁለቱም ክረምት አፈሰሰ። ባለቤቴ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ በሚያፈሰው ቦታ ሥር ድስት ታስቀምጥ ነበር።

የቮልስ ቺንጋ አንድ ናት፤ ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የምታዞረው እርሷው ናት። ስትበጠስ በክሩስኮቱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ያን ጊዜ ለሞተሩ ነፋስ የሚልክለት የለም። በታኅሣሥ 1998 ሽማግሌው ቺንጋዋን በጣታቸው ዳስሰው «መምህር፣ ተሰነጣጥቃለች፤ መለወጫ ገዝተው ከመኪናው አይለዩ። ቀይ ከበራም አንድ ሜትር እንዳይነዱ» አሉኝ። ደብተሩ ውስጥ ካሉት ወጪዎች ሁሉ ትንሿ ልትሆን ነበር። በሚቀጥለው ደመወዝ እገዛለሁ ብዬ አለፍሁ።

በጥር ወር አክስቴ ታመመች። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ደብረ ብርሃን ያሳደገችኝም እርሷ ናት፤ እቴቴ እላታለሁ። ልጇ ደውሎ «ሚኒባስ ተኮናትረን አዲስ አበባ ሐኪም ቤት እናምጣት?» ቢለኝ፣ «ምን በወጣችሁ! እኔ በመኪናዬ እመጣለሁ» አልሁት። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሰንዳፋን አልፌ ወደ ሸኖ ዳገቱን ስያያዘው ቀዩ መብራት በራ። አላየሁም አልልም፤ አይቻለሁ። «ሸኖ ድረስ ትችላለች» አልሁ። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፤ ሞተሩ ጮኸና ተጣብቆ ቀረ።

በጭነት መኪና ተሳፍሬ ደብረ ብርሃን የገባሁት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እቴቴ ለጉዞ እንደ ለበሰች፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች ጋደም ብላለች።

«መጣህ ልጄ? መኪናው የታለ?» አለችኝ።

በማግስቱ ማለዳ በኮንትራት ሚኒባስ አመጣናት። ዐሥራ አንድ ቀን ኖረች። ሐኪሙ «አንድ ሌሊት ቀድማችሁ ቢሆን ኖሮ» አላለንም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ከሐዘኑ በኋላ ደብተሩን ስገልጥ፣ ባለቤቴ የሚኒባሱን ኪራይ በራሷ እጅ ጽሑፍ ከቮልሷ ወጪዎች ተርታ አስገብታው አገኘሁ። ሌላ ምንም አልጻፈችም።

ሞተሯ በአሮጌ ፒስተኖች ተጠግኖ፣ ሰኔ ላይ ሸጥኋት። ገዢው ወጣት መምህር ነበር። ሕመሟን አንድ በአንድ ነገርሁት፤ የሽማግሌውን ማግኔት ተውሼም በእጁ ሰጠሁት። በፓራፋንጎዋ ላይ አስጠጋው፤ ወደቀ፤ ሳቀ። ከዚያ ጎማዋን በእግሩ መታና ገንዘቡን ቆጠረልኝ። ከመሄዱ በፊት ሁለት አዳዲስ ቺንጋ ገዝቼ ከፊት፣ ከመጠባበቂያው ጎማ አጠገብ አስቀመጥሁለት። ዋጋቸውን በደብተሩ የመጨረሻ መስመር ላይ ጻፍሁ።