ብረቱና ምንጣፉ፦ ከተሞክሮዬ

ያደግሁት መሳለሚያ፣ እህል በረንዳ አጠገብ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ከባርሴሎና ወርቅ ይዛ ከመጣች ወዲህ በሰፈራችን የሴት ስፖርት ሲባል ሩጫ ነበር። እኔ ኳስ ብመርጥም ልምምዴ ሩጫ ብቻ ነበር፤ በመጨረሻ ጉልበቴን ተጎዳሁ። ካገገምኩ በኋላ ብረት መግፋትንና ዮጋን አንድ ላይ ያዝኩ። ዛሬ የሰፈሬን ሴት ተጫዋቾች ሳሠራ የምነግራቸው ይህንን ነው።

1. ትንፋሽ ከክብደት ይቀድማል። ይህን መጀመሪያ ያየሁት ጂም ውስጥ ሳይሆን እህል በረንዳ ነው። ጫኝና አውራጆቹ 100 ኪሎ ከመሸከማቸው በፊት እግራቸውን ያደላድላሉ፣ አየር ይስባሉ፣ ሆዳቸውን ያጠብቃሉ። የዮጋ ምንጣፍ ላይ ትንፋሼን መግዛት ስለምድ፣ ብረት ስሸከም ወገቤ ተጠበቀልኝ።

2. ጉልበትን የሚያድኑት ጭንና ዳሌ ናቸው። በእግር ኳስና በቅርጫት ኳስ የጉልበት ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። አንዱ ምክንያት ዘለን ስናርፍ ጉልበታችን ወደ ውስጥ መታጠፉ ነው። ክብደት ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ጭንና መቀመጫን ያጠነክራል፤ በአንድ እግር የሚቆሙበት የዮጋ ልምምድ ደግሞ ያንን ጥንካሬ መቆጣጠር ያስተምራል።

3. ቅደም ተከተል አይዛባ። ጡንቻን ከአንድ ደቂቃ በላይ ወጥሮ ማቆየት ለጊዜው ኃይሉን ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ በእንቅስቃሴ እናሟሙቃለን፣ ቀጥሎ ብረት፤ ረጅሙ መሳሳብ መጨረሻ ላይ ወይም በማግስቱ ነው። ብረት በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃናል፤ በመሀል ጡንቻው ይረፍ።

4. ብረት ሴትን ወንድ አያደርግም። እናቴ "ትከሻሽ የወንድ ይሆናል" ብላ ሰግታ ነበር። ጡንቻን የሚያገዝፈው ሆርሞን በሴት ሰውነት ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። ክብደት ማንሳት ግን አጥንት ያጠነክራል፤ ይህ በእሷ ዕድሜ ይበልጥ ያስፈልጋል። አሁን እሷም ቤቷ ውሃ የሞሉ ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንዶች ታነሳለች።

5. የቤተሰብ ስጋት ይከበር። ዮጋ ከሕንድ የመጣ፣ መንፈሳዊ ሥር ያለው ነው። "ከእምነታችን ጋር ይጋጫል ወይ?" የሚል ወላጅ ሲመጣ አላቃልለውም። እኛ የወሰድነው ትንፋሹን፣ መሳሳቡንና ሚዛኑን መሆኑን ተቀምጦ እንዲያይ እጋብዘዋለሁ።

6. ደማችንም ብረት ይፈልጋል። የወር አበባ ያጎድለዋል፤ ጾም ሲጨመር ጥንቃቄ ይሻል። ምስር ላይ ሎሚ ጨምቁበት፤ ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆይቶ ይጠጣ፤ ማዕድኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታልና።

በቅርቡ አንዲት ተጫዋቼ ለቴስታ ዘላ ስታርፍ አየኋት። ጉልበቷ ወደ ውስጥ አልታጠፈም፣ እግሯም ድምፅ አላሰማም። እኔ በእሷ ዕድሜ እንዲህ ማረፍ የሚያስተምረኝ ባገኝ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፤ ለሷ ግን ደስ አለኝ።