ከሩጫ በኋላ ስላለው ዕረፍት

ገበሬ መሬቱን ከዓመት እስከ ዓመት ሳያሳርፍ ቢያርስ፥ ቡቃያው እየቀጠነ፥ ፍሬውም እያነሰ እንደሚሄድ ያውቃል። ስለዚህ አንዱን ማሳ ዘርቶ ሌላውን ያሳርፋል፤ ያረፈውንም መሬት ማንም ሰነፍ ብሎ አይሰድበውም። እኛ ግን አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን፥ በኋላም በዘመናዊ ትምህርት ቤት ተምረን፥ ዛሬ ሌሎችን የምናስተምር ስንሆን፥ ገበሬው የሚያውቀውን ይህን ነገር የተማርነው እግራችን ከተጎዳ በኋላ ነው።

ሩጫን የጀመርነው ዕድሜያችን አርባ ዓመት ካለፈ ወዲህ ነው። የማራቶን ርቀት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሆኑን በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ቀላል ነበረ፤ በእግር መለካቱ ግን ሌላ ነገር ሆኖ አገኘነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ዋዜማው በሆነው እሑድ የመጀመሪያውን ማራቶን በእግዚአብሔር ቸርነት ፈጸምን። ደስታችን ልክ ስላልነበረው፥ በዚያው ሳምንት ለሁለተኛው ተመዘገብን፤ ይኸውም በዳግም ትንሣኤ ዕለት የሚደረግ ነበረ። በመካከሉ የቀረን ጊዜ 9 ሳምንት ብቻ ነው።

በማግሥቱ የትምህርት ቤታችንን ደረጃ መውረድ አቅቶን፥ መደገፊያውን ይዘን የኋሊት ስንወርድ ተማሪዎች አዩን፤ ሳቃቸውንም በደብተራቸው ሸፈኑ። በር ጠባቂው ሽማግሌ ግን አልሳቁም። «የኔታ፥ እግርዎ ምሕረት እየለመነ ነው፤ ይስሙት» አሉን። እኛም በአራተኛው ቀን ሕመሙ ቀለል ስላለልን፥ የሽማግሌውን ቃል ቸል ብለን ሳይነጋ ወደ አስፋልቱ ወጣን።

ባለቤታችን ስትቃወመን የአበበ ቢቂላን ታሪክ ጠቀስንላት። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ማሸነፉን፥ ደግሞም በመስከረም 1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፥ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ጥቅምት 11 ቀን በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ድሉን መድገሙን ነገርናት። እርሷም «እርሱ አበበ ነው፤ አንተ ግን ከትናንት በስቲያ ደረጃ የወረድኸው የኋሊት ነው» አለችን።

በሦስተኛው ሳምንት በቅልጥማችን ላይ በአንድ ጣት የሚሸፈን ሥፍራ ያመን ጀመር። መጀመሪያ ስንሮጥ ብቻ ያመን ነበረ፤ ቀጥሎም ከሩጫ በኋላ አልተወንም፤ በመጨረሻ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰን ጀመር። ሐኪሙ መርምሮ አጥንቱ ከጫና ብዛት መሰንጠቁን ነገረን፤ ስድስት ሳምንትም ሩጫ ከለከለን። ውድድሩ በዚሁ ቀረ። ይህስ ባልከፋ። በዕለተ ስቅለት ግን ምእመናን ሁሉ ሲሰግዱ እኛ ዐምድ ተደግፈን ቆምን። በአጠገባችን ይሰግድ የነበረው ትንሹ ልጃችን ቀና ብሎ «አባባ፥ ለምን አትሰግድም?» አለን። የታመመ ሰው ለመስገድ እንደማይገደድ እናውቃለን፤ ዳሩ ግን እኛን የጣለን የራሳችን ችኮላ ስለ ነበረ፥ ለልጁ የምንመልሰው ቃል አጣን።

ሐኪሙ ያስረዳን ነገር ይህ ነው። ረጅም ሩጫ ጡንቻን በጥቃቅኑ ይጎዳል፤ በጡንቻ ውስጥ የተከማቸውንም ስንቅ ይጨርሳል። ስንቁ በሚገባ ለተመገበ ሰው በጥቂት ቀኖች ይመለሳል። የጡንቻው ሕመም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን በርትቶ በኋላ ይለቃል፤ የውስጡ ጥገና ግን ሕመሙ ከለቀቀ በኋላም አያልቅም። አጥንት ደግሞ ከዚህ ይልቅ ይዘገያል። እንደ ግንበኛ አስቀድሞ ያረጀውን ያወጣል፥ በኋላም አዲሱን ይተካል፤ በመካከሉ ያለው ግድግዳ ደካማ ነው። እኛም ሸክም የጫንበት ግንበኛው ሥራውን ሳይፈጽም ነበረ። እንግዲህ ልምምዱ ፍሬ የሚሰጠው፥ ከሩጫው በኋላ ሰውነት ራሱን እንዲጠግን ጊዜ ሲያገኝ ነው።

የአበበንም ታሪክ ለባለቤታችን የነገርናት ከእኩሌታው ቈርጠን ነው። ያው ጀግና ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ እግሩ ታሞ ሳለ ተሰልፎ፥ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሮጠ አቋርጦ ወጣ። ድሉን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የፈጸመው ባልንጀራው ማሞ ወልዴ ነው። አበበም እንደ እኛ ሥጋ ለባሽ ነበረ።

በተከታዩ ዓመት በሁለት ማራቶን መካከል 10 ሳምንት አገኘን። የመጀመሪያውን ሳምንት ከእግር ጉዞና ከበቂ እንቅልፍ በቀር ምንም አልሠራንም። በሁለተኛው በሣር ላይ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ቀስ ብለን ሮጥን፤ በሦስተኛው ጥቂት ጨመርን። ብርቱ ልምምድ የጀመርነው ከአራተኛው ሳምንት ወዲህ ነው፤ ከውድድሩ በፊት ያሉትን ሁለት ሳምንቶችም መልሰን ቀነስን። ጠዋት ስንነቃ የልባችን ትርታ ከልማዱ የፈጠነ እንደ ሆነ፥ ወይም አንድ ሥፍራ ለይቶ ያመመን እንደ ሆነ፥ ያን ቀን አረፍን። በጾም ጊዜም ቢሆን ሽሮ፥ ምስርና ባቄላ ለጡንቻው፥ እንጀራ፥ ድንችና በሶ ለስንቁ ከቤታችን አይጠፉም። ረፍዶ የሚበላ ጿሚ ከባዱን ልምምድ ወደ ምግቡ ሰዓት ቢያቀርበው ይጠቅመዋል፤ ሕመም ያለበት ግን ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር።

ሁለተኛውን ማራቶን ፈጸምን፤ ሰዓታችን የሚያስመካ አይደለም። በዚያ ዓመት በዕለተ ስቅለት ግን ከልጃችን አጠገብ ሰገድን።

ስለዚህ፥ የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች፥ በቤታችሁ የሚሮጥ ልጅ ያለ እንደ ሆነ፥ ከውድድር በኋላ በሚያርፍበት ሳምንት ሰነፈ ብላችሁ አትንቀፉት። ይልቁንም ደኅና አድርጋችሁ መግቡት፤ በጊዜ ይተኛ ዘንድም ፍቀዱለት። እርሱ ማረፍን እንቢ ያለ እንደ ሆነም፥ የእኛን ነገር ንገሩት።