አገር ስጠኝ

«ልጆቿን ሁሉ አዝላ ከእንግዳ ፊት የምትቀመጥ?» አንዱ ልጅ ወደ ዶሮዎቹ ይሮጣል፤ ሌላዋ «እናቴ!» ትላለች። ቡና ሲቀዳ ልብ ብላ ያየችው ግን ሲኒዎቹን ቀስ አድርጋ ታወርድና ረከቦቱን ቀና ታደርጋለች። ከሥሩ የመዳፍ ግማሽ የምታክል ወረቀት፣ በወረቀቷም ላይ ኪው አር ኮድ አለ። ስልክ ሲደቀንበት ቀጣዩ እንቆቅልሽ ይወጣል፤ ልጆች በእንቆቅልሽ እየተመሩ የተደበቁ ኮዶችን የሚፈልጉበት ጨዋታ ነው።

ይህ ኮድ ለጨዋታ የተፈጠረ አይደለም። ጃፓን ውስጥ የመኪና ዕቃ የሚያመርተው የዴንሶ ኩባንያ ሠራተኞች ለአንድ ካርቶን አሥር ያህል ባርኮድ ማንበብ ሰልችቷቸው ነበር፤ አንዱ ባርኮድ የሚይዘው ከሃያ ያልበለጠ ፊደልና ቁጥር ነውና። ለኩባንያው ኢንጂነር ለማሳሂሮ ሃራ መላው የታየው በምሳ ሰዓት ጎ የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ሲጫወት፣ በሰሌዳው ላይ ከተደረደሩት ጥቁርና ነጭ ጠጠሮች ነው። ኮዱ በ1994 እ.ኤ.አ. ወጣ። በሦስት ማዕዘኖቹ ያሉት ካሬዎች ራሳቸው የፍለጋ ውጤት ናቸው፤ እነሃራ መጽሔትና ካርቶን እያገላበጡ፣ በኅትመት ላይ እምብዛም የማይገኝ የጥቁርና የነጭ ልክ አድነው 1፡1፡3፡1፡1 ላይ ደረሱ። ስልኩ ያንን ልክ ሲያይ ኮዱን ያውቀዋል፤ ተዘቅዝቆም ቢሆን።

ቡና ቢንጠባጠብበትስ? ሲዘጋጅ ከፍተኛው የእርማት ደረጃ ከተመረጠለት 30 በመቶ ያህሉ ቢበላሽም ይነበባል። ማዕዘኖቹን መጠበቅ፣ በዙሪያውም ነጭ ጠርዝ መተው ነው።

እንቆቅልሹ እዚያው ኮዱ ውስጥ ከተጻፈ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የእንግሊዝኛው «ኤ» አንድ ባይት ሲወስድ «ሀ» ሦስት ይወስዳል። ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ የኮዱን ነጥቦች እንደ ጤፍ ያደቅቃቸዋል፤ ካሜራው ደካማ የሆነ ስልክም ያቅተዋል። ደግነቱ የአማርኛ እንቆቅልሽ ድሮም በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነው።

ኮዱ የማይችለው ሌላ ነገር ነው። «እንቆቅልህ» የሚል ሰው «ምን አውቅልህ» የሚል አፍ ይፈልጋል። መላሹ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ጠያቂው በተሰጠው አገር ተንቀባሮ፣ ተሸናፊውንም ሸንቆጥ አድርጎ መልሱን ይነግረዋል። ያላወቀ ልጅ አገር ይከፍላል እንጂ ከጨዋታው አይወጣም። በኮዱ ፍለጋ ግን አንዷን እንቆቅልሽ ያልፈታ ልጅ መንገዱ እዚያው ያልቃል፤ ሌሎቹ ሲሮጡ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። ያንን ልጅ አስቀድሞ ያላሰበ አዘጋጅ፣ ኮዱን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢያትም፣ ጨዋታውን አላዘጋጀም።

ስለዚህ በየመደበቂያው አጠገብ አንድ ትልቅ ሰው ይቀመጥ፤ አያት ከተገኙማ እሰየው! ልጁ ግራ ሲገባው ጠጋ ብሎ «ጅማን ሰጠሁዎት» ይበል፣ ፍንጩን ይቀበል። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው «ጅማ ገብቼ...» ብለው ሲጀምሩ፣ ከፊት የቀደሙት ሳይቀሩ ተመልሰው ይከቧቸዋል። ስልኩ መደቡ ላይ ተቀምጦ መብራቱ ይጠፋል። ቀጣዩ ኮድ ከበሩ ኋላ እንደተለጠፈ ነው፤ ቶናው ተጥዷል።