አላርሙ ሲጮኽ ማን ይሰማል?

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ኤሌክትሪክ ያለበትን ዕቃ በሙሉ የማውቅ ይመስለዋል። ስልክ ሲበላሽ፣ ቴሌቪዥን እምቢ ሲል የሚደወለው ለእኔ ነው። ባለፈው ጥር አክስቴ ስትደውልልኝ ግን ጉዳዩ ከበድ ያለ ነበር።

አክስቴ የሎስ አንጀለስ ከተማ በ2002 እ.ኤ.አ. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ላይ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና የሀገር ልብስ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። የብዙ ዓመት ልፋቷ እዚያ ውስጥ ነው። በቅርቧ ያለ ሱቅ ሌሊት መስታወቱ ተሰብሮ ከተዘረፈ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። አላርም አላት፤ ነገር ግን አጥፍታዋለች።

«ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይጮኻል። እየሮጥኩ እመጣለሁ፣ ማንም የለም። ለፖሊስ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ሌባው ሳይመጣ እሱ ዘረፈኝ እኮ፣ ልጄ!» አለችኝ።

በማግስቱ ከሳንታ ሞኒካ ተነስቼ ሄድኩ።

ብዙ ሰው የእንቅስቃሴ ሴንሰር እንደ ካሜራ የሚያይ ይመስለዋል። በየቤቱ የሚሰቀለው የተለመደው ዓይነት ግን የሚያውቀው ሙቀትን ነው። የሰው ገላ ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ የሚባል ጨረር ይረጫል። ከሴንሰሩ ፊት ያለው ነጭ ፕላስቲክ ሌንስ ክፍሉን እንደ ማራገቢያ በተዘረጉ ቀጠናዎች ይከፋፍለዋል። ሰው ከአንዱ ቀጠና ወደ ሌላው ሲሻገር የሚደርሰው ሙቀት ባንዴ ከፍ ዝቅ ይላል። ሴንሰሩ «ሰው አለ» የሚለው ይህን ለውጥ ሲያገኝ ነው።

ይህን ካወቃችሁ ሌላውን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ሴንሰሩ በፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን ሰው ቀጥ ብሎ ወደ እሱ ከሚመጣው ይልቅ ቶሎ ይይዛል። ስለዚህ ጥሩ ቦታው ሌባው አቋርጦት የሚያልፍበት የክፍሉ ጥግ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስኮት፣ ምድጃና ማሞቂያ ደግሞ ጠላቶቹ ናቸው።

የአክስቴም ጣጣ ማሞቂያው ነበር። ሴንሰሩን የገጠሙት ሰዎች ሲመጡ ሱቁ ባዶ ነበር፤ ነጠላና ቀሚሱ የተሰቀለው በኋላ ነው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ማሞቂያው በራሱ ይነሳል፣ ሞቃቱ አየር የተሰቀሉትን ነጠላዎች ያወዛውዛል፣ ሴንሰሩም ሰው ገባ ብሎ ይጮኻል። ወደ ሌላው ጥግ አዛወርነውና በመፈተሻው ላይ አደረግነው። በዚህ ጊዜ ሳይጮኽ ትንሽ መብራት ብቻ ያበራል። አክስቴ ቆማም፣ አጎንብሳም፣ በባንኮኒው ስር ተደብቃም ሞከረችው። ሁሌም ያዛት።

ማስተርሴን ስሠራ ደጋግሞ የገጠመኝ ጥያቄ እዚህም አለ። ሌባ እንዳያመልጠው ሴንሰሩን ንቁ ካደረጋችሁት ድመትም ታስጮኸዋለች፤ ካደነዘዛችሁት ደግሞ ሌባው ያልፋል። ለዚህ ሲባል ከሙቀቱ ጋር የማይክሮዌቭ ሞገድ የሚጠቀሙ ሴንሰሮች አሉ፤ የሚጮኹት ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ ነው። የቤት እንስሳ ላለው ቤትም እስከተወሰነ ኪሎ ያለ ውሻን እንዲያልፉ የተሠሩ አሉ።

የሐሰት ጩኸት ዋጋው ብዙ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አላርም ያለው ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ፖሊስ በከንቱ ሲጠራም ይከፈላል። በዩታ ግዛት የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስማ ከ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ፣ አንድ ሰው ቦታው ደርሶ ካላረጋገጠ በቀር ለአላርም ጥሪ ብቻ አልወጣም ብሏል።

አዲስ አበባ ባደግኩበት ሰፈር ግንቡ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ በሩ ላይ ዘበኛ፣ ግቢው ውስጥ ውሻ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን «ሌባ! ሌባ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ጎረቤቱ ዱላውን ይዞ ይወጣ ነበር። የሚወጣው በከንቱ የሚጮኽ ስለሌለ ነው። እዚህ አላርም ሲጮኽ ሰው መስኮቱን ይዘጋል፤ በየሳምንቱ ያለምክንያት ሲጮኽ ሰምቶታላ።

ስለዚህ ሴንሰሩን ካስተካከልን በኋላ ከአክስቴ ጋር የስልክ ዝርዝሩን አየን። አላርሙ ሲጮኽ ከእሷ ቀጥሎ የሚደወለው ለእኔ ነበር። እኔ ፍሪዌዩን አቋርጬ እስክደርስ ሌባው ሥራውን ጨርሷል። ስሜን አስፍቀን እዚያው ቅርብ የሚኖር የጎረቤት ሱቅ ባለቤት አስገባን፤ እሷም በሰውየው ዝርዝር ላይ ገባች። በር ሳይከፈት አይሄድም፤ የሚያደርገው በሩቅ አይቶ ለፖሊስ «አዎ፣ ሰው አለ» ማለት ነው።

ለቤትም ያው ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሌሊት ለጸሎት ትነሳለች። እሷ ባለችበት ማታ ማታ የውስጡን ሴንሰር አጥፍቼ የበርና የመስኮቱን ብቻ አበራለሁ። አብዛኞቹ አላርሞች ይህ ምርጫ አላቸው፤ ወላጅ ወይም ሕፃን ያለበት ቤት ሊያውቀው ይገባል።

አላርም በር አይዘጋም። ሌባው ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ነው የሚያሳጥረው፤ ስለዚህ ጥሩ ቁልፍና የውጭ መብራት ይቅደሙ። የአክስቴ ሱቅ ከጥር ወዲህ ሌባ አልመጣበትም፤ አላርሙ አባረረው ብዬ ልመሰክር አልችልም። በከንቱ ግን አልጮኸም። እሷም በየማታው ታበራዋለች፣ ቤቷ ገብታም ትተኛለች።