ማማሰያው ያልዞረበት ሌሊት

ከፍራንክፈርት ዋና ባቡር ጣቢያ በኤስ ባን ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ ሰው ግሪስሃይም የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። በማይን ወንዝ ዳር የተዘረጋው የኬሚካል ፋብሪካ በ1856 ተመሠረተ፤ ሰፈሩ ራሱ ወደ ፍራንክፈርት ከተማ የተጠቃለለው ግን በ1928 ነው (ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ክሎሪንን በኤሌክትሪክ ኃይል ለገበያ በሚበቃ መጠን ማምረት ከጀመሩት ቀደምት ፋብሪካዎች አንዱ ይህ ነበር። ስለ አውቶሜሽንና ስለ ወጪ ቅነሳ ማሰብ ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ግን ከግሪስሃይም ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የአንድ ሌሊት ትምህርት ነው።

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1993፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 15 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ የካርኒቫል ሰኞ ነበር። ፋብሪካው በዚያን ጊዜ የሆክስት ኩባንያ ነው። ሊነጋጋ ሲል የሌሊት ፈረቃው በአንድ ትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ሁለት ፈሳሾችን እያዋሃደ ነበር፤ አንዱ ጋኑ ውስጥ ተቀምጧል፣ ሌላው ቀስ በቀስ ይጨመርበታል። ጋኑ ውስጥ ያለው ማማሰያ መዞር ነበረበት። አልተከፈተም። ወጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ ያልተማሰለ ድስት ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ እዚህ ግን ጉዳዩ ከማረር የከፋ ነው። ፈሳሾቹ በየንጣፋቸው ተኝተው ስለቆዩ የሚጠበቀው ሙቀት አልመጣም። ስለዚህ በዚያ ደረጃ ሊቀዘቅዝ ይገባው የነበረው ጋን ጭራሽ እንዲሞቅ ተደረገ። ኋላ ላይ ማማሰያው መቆሙ ታወቀና ተከፈተ። በሰዓታት ተከፋፍሎ መካሄድ የነበረበት ውህደት በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ግፊቱ አሻቀበ፤ የደህንነት ቫልቩ ተከፈተ፤ 10 ቶን ገደማ የኬሚካል ድብልቅ ወደ ሰማይ ወጣ።

ነፋሱ ድብልቁን ከወንዙ ማዶ ወዳሉት ወደ ሽቫንሃይምና ወደ ጎልድሽታይን ሰፈሮች ወሰደው። ነዋሪዎች ሲነቁ መኪናው፣ ጣሪያው፣ የአትክልት ቦታውና የልጆች መጫወቻው ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ነገር ለብሶ ጠበቃቸው። ኩባንያው ንጥረ ነገሩ መርዛማነቱ አነስተኛ እንደሆነ በመጀመሪያ ገለጸ። ከድብልቁ ዋናው የሆነው ኦርቶ ናይትሮአኒሶል ግን በእንስሳት ላይ በተደረገ ሙከራ ካንሰር እንደሚያመጣ ታይቶ ነበር። ጽዳቱ ሳምንታት ፈጀ፤ አፈር ተዛቀ፣ ዛፍ ተቆረጠ፣ መንገድ ታጠበ። መከላከያ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች አስፋልቱን ሲፈትጉ ነዋሪው በዘወትር ልብሱ በአጠገባቸው ያልፍ ነበር።

ስለዚህ አደጋ ሲወራ የሚቀድመው የሠራተኛው መርሳት ነው። ፍርዱ ቀላል ስለሆነ ይወደዳል። ይልቅ መጠየቅ ያለበት፣ ማማሰያው ሳይዞር ሁለተኛው ፈሳሽ ወደ ጋኑ መግባት ስለምን ቻለ የሚለው ነው። ሞተሩ ካልዞረ ቧንቧውን የሚዘጋ መቆለፊያ በ1993 ለጀርመን ኢንዱስትሪ እንግዳ ዕውቀት አልነበረም። ከኮምፒውተር ዘመን በፊትም በተራ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ይሠራ ነበር። ዋጋውም ከኩባንያው መጠን አንጻር የሚነሣ አይደለም።

ችግሩ እንዲህ ያለው መቆለፊያ በወጪ ቅነሳ ሰንጠረዥ ላይ ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። የአውቶሜሽን ሐሳብ ለአመራር ሲቀርብ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ስንት ደመወዝ ይቀንሳል? መቆለፊያው አንድም ደመወዝ አይቀንስም፤ ሠራተኛው በቦታው ይቀራል። የሚያስቀረው ያልደረሰ ጉዳት ነው፤ ያልደረሰ ጉዳት ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ከዚህ የተነሣ ድርጅቶች የሚሠራውን ማሽን ቀድመው ይገዛሉ፤ እምቢ የሚለውን ማሽን አደጋ ከደረሰ በኋላ ይገዛሉ።

ኢትዮጵያ ይህንኑ በሌላ ልብስ አይታዋለች። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስልክ ተዛመተ፤ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ያለአግባብ የተንቀሳቀሰው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ ብሔራዊ ባንክ ከሲስተም ጥገናና ፍተሻ ጋር የተያያዘ ችግር ብሎታል። ግሪስሃይም ላይ እጅ የሚሠራው ሥራ ቁልፍ አጣ፤ አዲስ አበባ ላይ ሥራው ሁሉ የማሽን ሆኖ ሳለ ከሁሉ ተራ የሆነው ቁልፍ፣ «ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ አለ ወይ» የሚለው ጥያቄ፣ ለሰዓታት ተነሣ። አውቶሜሽን የሚባለው አንድ ነገር አለመሆኑን ሁለቱ ሌሊቶች አብረው ያስረዳሉ። ሥራን ማቀላጠፍ አለ፤ ሥራን መከልከል አለ። የመጀመሪያው ሲፈጥን ሁለተኛው አብሮ ካልጠነከረ የሚፈጥነው ጥፋቱም ነው።

ለኢትዮጵያ ሁኔታ ልዩነቱ ይበልጥ ይከብዳል። ደመወዝ ዝቅተኛ በሆነበት አገር ሰው በመቀነስ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ነው፤ ሶፍትዌሩና ፈቃዱ ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ጀርመን ውስጥ የሚያዋጣ ሒሳብ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ሲወሰድ ላያዋጣ ይችላል። የሚያዋጣው ሌላ ቦታ ነው፦ ዕቃ ወደብ ላይ ተኝቶ የሚቆጥረው ቀን፣ አንድ ሰነድ በአምስት መሥሪያ ቤት የሚዞረው ዙር፣ ገበያ ላይ «ተስማምተናል፣ አልተስማማንም» የሚለው ክርክር። በ2020 የተጀመረው የንግድ ሰነዶች የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎትም፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2015 ከእጅ መማታት ወደ ኤሌክትሮኒክ ግብይት መሸጋገሩም ሊመዘኑ የሚገባቸው በዚህ ነው። አንድ ጸሐፊ ተቀነሰ ወይስ አልተቀነሰም የሚለው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ጥያቄ ነው፤ የፖሊሲ ጥያቄ አይደለም።

ከዚያ ደግሞ «ሲስተም የለም» የሚለው አለ። ይህ ቃል በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች መስኮት ላይ እንደ ሰላምታ ይሰማል። መዝገቡን አጥፍቶ በሲስተም የተካ ተቋም፣ ሲስተሙ ሲቋረጥ የሚመለስበት መንገድ ካላስቀመጠ፣ ወጪውን ወደ ተሰላፊው ዜጋ አዛወረው እንጂ አልቀነሰውም። የተሰላፊው ግማሽ ቀንም በማንም ሰንጠረዥ ላይ አይገባም።

ንግድ ባንክ ከገንዘቡ አብዛኛውን አስመልሷል። ያስመለሰው ግን በአመዛኙ በአሮጌው መንገድ ነው፤ ደንበኛው በስሙና በፎቶግራፉ የታወቀ ስለነበር፣ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ስለጠሩ፣ ያልመለሱት ሰዎች ምስል በቅርንጫፎች ደጃፍ ስለተለጠፈ። በግሪስሃይም ደግሞ ሆክስት ራሱ በ1990ዎቹ ተበታተነ፤ ግቢው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ የኬሚካል ምርቱም በ2010ሮቹ መጨረሻ ቆመ። ዛሬ ቦታው ለሌላ ሥራ እየተሰናዳ ነው፤ ከታቀዱለት መካከል ጥቂት ሰው ብዙ ኤሌክትሪክ የሚጠብቅበት የዳታ ማዕከል ይገኛል።