የአንድ እጅ ሐውልቶች
የቀራጺው የአንቱን አውጉስቲንቺች ሕይወትና ሥራ

ሠዓሊ ሸራውን ጠቅልሎ ሊያስቀምጥ፣ ደራሲም ረቂቁን በመሳቢያው ሊቆልፍበት ይችላል። የአደባባይ ሐውልት የሚሠራ ቀራጺ ግን ይህ ዕድል የለውም። ሥራው ገና ሳይጀመር ትእዛዝ ሰጪ፣ ቦታ፣ ድንጋይ ጠራቢና ነሐስ አቅላጭ ይሻል፤ ካለቀ በኋላም ፀሐይና ዝናብ፣ ፍቅርና ጥላቻ በሕዝብ ፊት ይፈራረቁበታል። በመሆኑም የሐውልት ሠሪ ታሪክ በራሱ ሞት አያበቃም። ሐውልቶቹ ቆመው እስካሉ፣ ወይም እስከሚወድቁበት ቀን ድረስ ይቀጥላል።

ለዚህ ከኢትዮጵያም ጋር የተሳሰረ ሕይወት ያለው ቀራጺ ምስክር ነው። አንቱን አውጉስቲንቺች በ1900 እ.ኤ.አ. በክሮኤሺያ፣ ክላንየትስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። የቅርጻ ቅርጽ ትምህርቱን በዛግሬብ ሲከታተል ከመምህራኑ አንዱ ስመ ጥሩው ኢቫን ሜሽትሮቪች ነበር። ከዚያም በፓሪስ ተጨማሪ ትምህርት ቀስሞ ተመለሰ። በ1929 እ.ኤ.አ. «ዜምልያ» ወይም «መሬት» የተባለውን የሥነ ጥበብ ሰዎች ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። የቡድኑ ዓላማ ጥበብ የሠራተኛውንና የገበሬውን ኑሮ እንድታንጸባርቅ ነበር። አውጉስቲንቺች ግን ብዙ ሳይቆይ ከቡድኑ ተለየ፤ ፊቱንም ወደ ታላላቅ የአደባባይ ሥራዎች አዞረ።

እዚህ ላይ ቀራጺ ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ ይነሣል። ነሐስ ውድ ነው፤ ድንጋይ ከባድ ነው፤ አደባባይም የግለሰብ ንብረት አይደለም። ታላቅ ሐውልት ሊያሠራ የሚችለው ሥልጣን ያለው ክፍል ብቻ ነው። ታዲያ ቀራጺው የሥልጣን አገልጋይ ነውን? የአውጉስቲንቺች ሥራዎች ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ አይሰጡም። የነገሥታት ዩጎዝላቪያም፣ የሶሻሊስት ዩጎዝላቪያም፣ የውጭ መንግሥታትም አሠርተውታል። በ1939 እ.ኤ.አ. የቀረጸው «ማዕድን ቆፋሪው» በጄኔቭ በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ግቢ ቆሟል። ያው እጅ የጦር አዛዦችንም በፈረስ ላይ አስቀምጧል።

ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ከትእዛዝ ተቀባይነት አልፎ ተሳታፊ ሆነ። ከፓርቲዛኖች ጋር ተቀላቀለ፤ በፀረ ፋሺስቱ የሕዝብ ነፃ አውጪ ምክር ቤትም ምክትል ፕሬዚዳንትነት ደረሰ። በ1943 እ.ኤ.አ. ምክር ቤቱ በያይትሴ ከተማ በተሰበሰበበት ወቅት የቲቶን ራስ በሸክላ አፈር አበጀ። በ1948 እ.ኤ.አ. ደግሞ ረጅም ካፖርት ለብሶ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ በሐሳብ የሚራመደው የቲቶ ሐውልት በመሪው የትውልድ መንደር በኩምሮቬትስ ቆመ። መንደሩ ከቀራጺው የትውልድ ከተማ የሚርቀው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በዳኑብ ወንዝ ዳር በባቲና በ1944 እ.ኤ.አ. ለወደቁት የቀይ ጦር ወታደሮችም ጫፉ ላይ የድል ምሳሌ የሆነች ሴት የቆመችበትን ረጅም ሐውልት ሠራ።

ይሁን እንጂ አውጉስቲንቺችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳውቁት ፈረሶቹ ናቸው። የአራቱ ፈረሶች ዕጣ ግን አንድ አይደለም። በሰርቢያ በኒሽ ከተማ በ1937 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የነፃ አውጪዎች ሐውልት ፈረሰኛ ዛሬም በቦታው አለ። ለፖላንድ ከተማ ለካቶቪትሴ የሠራው የማርሻል ፒልሱድስኪ ሐውልት ከቦታው ሳይደርስ የ1939ኙ ጦርነት ፈነዳ። ሐውልቱ በዛግሬብ ለአምሳ ዓመታት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በ1990ዎቹ የፖላንድ ሥርዓት ሲለወጥ የታሰበለት ከተማ ገባ። በ1954 እ.ኤ.አ. ዩጎዝላቪያ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰጠችው «ሰላም» የተሰኘው ሐውልት በኒው ዮርክ ይገኛል። በዚህ ፈረስ ላይ ያለው ጄኔራል አይደለም፤ በአንድ እጇ የወይራ ዝንጣፊ፣ በሌላው ሉል የያዘች ሴት ናት። የጦር አዛዥ ይቀመጥበት የነበረው ኮርቻ ሳይለወጥ ተቀማጩ ብቻ ተለወጠ።

አራተኛው ፈረስ በሐረር ነበር። የራስ መኮንን ሐውልት ለአንዱ ተመልካች የዓድዋ ዘመቻ መሪና የከተማዋ አስተዳዳሪ መታሰቢያ ሲሆን፣ ለሌላው ግን በ1887 እ.ኤ.አ. ሐረር የራሷን አገዛዝ ያጣችበት ጊዜ ምልክት ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በተነሣው ሁከት ሐውልቱ ተገርስሶ ወደቀ። የኩምሮቬትሱም ቲቶ ቢሆን አልዳነም፤ በ2004 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በፈንጂ ተመትቶ ራሱ ከአንገቱ ተቆርጦ ወደቀ። ይሁን እንጂ ተጠግኖ ዳግመኛ ቆመ። ነሐሱ ያው ነሐስ፣ እጁም ያው እጅ ነው። አንዱን ያቆመው፣ ሌላውን የጣለው፣ ሦስተኛውንም ያስጠገነው በዙሪያው ያለው ሰው ነው።

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው ሥራ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በዚሁ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ ፋሺስቶች ለሦስት ቀን የከተማውን ሕዝብ ጨፈጨፉ። ኢትዮጵያ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ለእነዚህ ሰማዕታት መታሰቢያ የሚሆነውን ሐውልት አውጉስቲንቺች የሠራው ከባልደረባው ከፍራኖ ክርሺኒች ጋር ነው። ክርሺኒች በ1897 እ.ኤ.አ. የተወለደው ድንጋይ ጠራቢዎች በሚበዙባት በኮርቹላ ደሴት ነበር። ሐውልቱ በ1955 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ በዚሁ ዓመት ቲቶም ኢትዮጵያን ጎብኝቷል። ወደ 28 ሜትር ሽቅብ የተመዘዘ ድንጋይ ሲሆን፣ ከታች በዙሪያው የነሐስ ምስሎች ታጥቀውታል። ተመልካች አንገቱን ቀና አድርጎ ጫፉን ሊያይ ይችላል። ዋናው ነገር ያለው ግን ከታች፣ በሰው ቁመት አቅራቢያ ነው፤ እዚያ የወደቁ፣ የተገደሉ፣ የሚያለቅሱ ሰዎች አሉ። ሁለቱ ቀራጾች ራሳቸው ከፋሺስቶች ወረራ ከወጣ አገር የመጡ ነበሩና ለዚህ ሐዘን ባዕድ አልነበሩም።

ይህን ሐውልት ያሠራው ንጉሠ ነገሥት በ1967 ዓ.ም. ከዙፋኑ ወረደ፤ የሰጠችው ዩጎዝላቪያም በ1990ዎቹ ፈርሳ ከካርታ ጠፋች። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ሥርዓት ተለዋወጠ። ሐውልቱ ግን ቆሟል፤ በየዓመቱም በየካቲት 12 የአበባ ጉንጉን ይቀመጥበታል። ምክንያቱ ድንጋዩ ከሌላው ስለጠነከረ አይደለም። በምስሉ ላይ የተቀረጸው ባለ ሥልጣን ሳይሆን የሞተ ዘመድ በመሆኑ፣ ማንም ገዢ ቢመጣ ለቅሶው የራሱ የሆነ ቤተሰብ አለው።

የነሐስ አፍሳሽ ቅርጹን በመጀመሪያ በሰም ያወጣዋል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በለቀቀው ክፍተት የቀለጠው ማዕድን ይገባል። የኢትዮጵያ አንጥረኞች ይህን ሙያ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ የቅኔ ሊቃውንትም ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም ያገኙት ከዚሁ ነው። የአደባባይ ሐውልትም እንዲሁ ነው። የመራቂው ንግግር፣ የመንግሥታት ወዳጅነት፣ የአሠሪው ስም ሰሙ ነውና በዘመን እሳት ይቀልጣል። ሐውልት የሚያሠሩ ሹማምንትም ሆኑ የሚሠሩ ጥበበኞች አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባ ጉዳይ ቢኖር ሰሙ ከቀለጠ በኋላ በቦታው ምን እንደሚቀር ነው።

አውጉስቲንቺች ሥራዎቹን ለትውልድ ከተማው አበርክቶ በ1976 እ.ኤ.አ. በስሙ የተሰየመ ቤተ መዘክር በክላንየትስ ተከፈተ። እርሱም በ1979 እ.ኤ.አ. በዛግሬብ ዐረፈ። የተቀበረው በቤተ መዘክሩ የአትክልት ቦታ ሲሆን፣ በመቃብሩ ላይ የቆመው ንጉሥም ማርሻልም ያለበት ፈረስ አይደለም፤ የቆሰለ ጓዳቸውን ተሸክመው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው።